እንዲጠሩ አደራ

ሳንቲሞቹን ያጠብኳቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን እጄን በቆረጠው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እስካሁን ታሪኬን የተከታተላችሁ ሁሉ ከእኔ ጎን ስለነበራችሁ ነው። ዛሬ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከማን ጎን እንደምትሆኑ አላውቅም። ዛሬ ገና የመጣ ሰው ካለም አይቸገር፣ ነገሩ አጭር ነው። እኔ የወርቅ ቤት ልጅ ነኝ፤ እሱ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው፤ አባቴ ደግሞ አባቴ ነው።

አባቴን የሚያውቅ ሰው ሦስተኛው ለምን ማብራሪያ እንደማያሻው ይገባዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ፣ የሰው ቀለበትና ሐብል ሲመዝን የኖረ ነው። ብዙ አይናገርም። የወደደውን “የጠራ ነው” ይላል፣ ያልወደደውን “አልጠራም” ይላል። ስለ ወርቅም ይሁን፣ ስለ ብርም ይሁን፣ ስለ ሰውም ይሁን፣ ስለ ሾርባም ይሁን ለእሱ ዓለም ሁለት ናት፤ የጠራና ያልጠራ። እኔም አፌን የፈታሁት በዚሁ ቋንቋ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

ትኬት ቆራጩ ሳንቲም ይሰበስባል። ሳንቲም ይሰበስባል ሲባል ባለጸጋ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ ተሳስታችኋል። ባለጸጋማ ብርቅዬውን ገዝቶ በመስታወት ውስጥ ይደረድራል። እሱ የመረጠው ከገንዘብ ሁሉ ታናሿን፣ መንገድ ላይ ወድቃ ብትገኝ ሰው የማያጎነብስላትን የነሐስ ሳንቲም ነው። “ይቺ ሳንቲም የተሠራችው ለአርባ አንድ ዓመት ብቻ ነው” አለኝ አንድ ቀን። “ከየዓመቱ አንድ አንድ ካገኘሁ ሞላልኝ። ለአንዷ ግን ከአንድ ምሳ በላይ አልከፍልም።”

ሕጉ ይህ ነበር። ከምሳው በቀር ለሳንቲም የሚያወጣው ገንዘብ ስላልነበረው አንዷን በገዛ ቀን ጦሙን ይውላል። እኔ ደግሞ ገና ከሩቅ አውቅበታለሁ፤ ጉንጩ ገባ ብሎ ዓይኑ ይስቃል። ብዙዎቹን ያገኛቸው ከዚያው ከትኬት ቦርሳው ነው። የሚፈልጋት ዓመት በተሳፋሪ እጅ ስትመጣ ከኪሱ እኩያዋን ተክቶ ያወጣታል። አንዳንዶቹን ከልብስ ሰፊው የቁልፍ ጣሳ ውስጥ ለቅሟል፤ አንዳንዶቹን አሮጌ ብረት ከሚገዛው ሰውዬ በልመና ወስዷል። የተሻለች ስትመጣ የተፋፋቀችውን ይለውጣል። ለአንዷ ዓመት ብቻ ሕጉን ጥሷል። በዚያ ዓመት የተሠሩት ጥቂት ስለነበሩ አሥራ አንድ ምሳ አስከፍለውታል። አሥራ አንድ ቀን በውሃ ብቻ እየዋለ ትኬት ቆርጧል፣ የኔ ሞኝ።

ማስቀመጫውም ያው የድሃ ማስቀመጫ ነበር። የጫማ ካርቶን በመቀስ እየበሳ፣ ለእያንዳንዷ የልኳን ቀዳዳ ሠርቶላት ነበር። ከእያንዳንዷ ሥር ደግሞ ከትኬት ጥቅል ትርፍ ወረቀት አጥፎ በሙጫ ያጣበቃት ትንሽ ፖስታ አለች። ፖስታዋ ላይ ዓመቷን፣ ከማን እጅ እንደመጣችና ቀኑ ምን ዓይነት እንደነበረ ይጽፋል። ከተዋወቅን በኋላ ከግርጌ አንዲት መስመር ለእኔ መጨመር ጀመረ። ሌሎች ሴቶች ባለ ቀለም ወረቀት ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ የእኔ ደብዳቤዎች የሳንቲም ፖስታዎች ነበሩ። አንዷ እንዲህ ትላለች፦ “ከዳቦ ሻጯ እጅ። ዝናብ ነበር። አንቺ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርሽ፣ ጃንጥላሽ ይንጠባጠባል፣ አላየሽኝም።” አይቼው ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

እኔ ዘንድም አንዲት ሳንቲም አለች። የተወለድኩበት ዓመት ናት። ሁለት አግኝቶ የተፋፋቀችውን ለካርቶኑ አስቀርቶ ደህናዋን ለእኔ ሰጠኝ። “ለተርታው ደህናዋ አትሻልም ነበር?” ስለው፣ “ተርታው ይቻለው” አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቦርሳዬ ተለይታ አታውቅም።

አባቴ ነገራችንን ሲሰማ አልጮኸም። ጮሆ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሚዛኑን አጥርቶ እስኪጨርስ ጠበቀና ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ።

“ሳንቲም ለቃሚ” አለ።

“ሰብሳቢ ነው አባዬ።”

“በሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር የዓመቱ ትርዒት ላይ ሚዛን ልይዝላቸው ነው። እሱም ያለውን ይዞ ይምጣ። ከሚያውቁት ሰዎች አንድ እንኳ ‘ይህ ሥራ ነው’ ካለ፣ ቤቴ ይግባና ይጠይቀኝ፤ እሰማዋለሁ። ካላለ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ልጅ በማግስቱ እሑድ ይመጣል፤ አንቺም ቁጭ ብለሽ ታስተናግጃለሽ።”

አባቴ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ደግነቱ ያወራለታል። እኔ ግን ያን ዕለት ጀርባዬን በረደኝ።

* * *

ትርዒቱ ሁለት ወር ሲቀረው የአውቶቡስ ድርጅቱ ትኬት ቆራጩን ሩቅ መስመር ላይ መደበው። ከመሄዱ በፊት ካርቶኑን በጨርቅ ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። “በጠርዝ በጠርዛቸው ካልሆነ እንዳትነኪያቸው። ጣት ላብ አለው” አለኝ። እሺ አልኩት። ልጁ ማካበድ ይወዳል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አላስጠነቀቀኝም። አልፈርድበትም፤ የገዛ ልጁን ለዘመድ ትቶ የሚሄድ ሰው “እሳት ላይ እንዳትጥዷት” ብሎ አደራ አይልም።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሾፌር ሱቃችን ድረስ መጥቶ ወረቀት ሰጠኝ። ያው የምታውቁት የትኬት ወረቀት ነው፣ በእርሳስ፣ እጅ በሚያንቀጠቅጥ መንገድ ላይ የተጻፈ።

“ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ አዳራሹ እመጣለሁ። ካርቶኑን ይዘሽልኝ ነይ። መንገዱን ግን አላምነውም፣ ድልድዩ ታሟል። ሳንቲሞቹ ቅዳሜ እንዲጠሩ አደራ። በጠርዝ የሚይዝሽ።”

ስሜን የማይጠራ፣ ስሙን የማይጽፍ ሰው ነው። መጨረሻዋን ቃል ደጋግሜ አንብቤ ወረቀቷን ደረቴ ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ ወደ ላይኛዋ መስመር ተመለስኩ። ሳንቲሞቹ እንዲጠሩ። በእኛ ቤት ይህ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው፤ ብር ይጠራል፣ ወርቅ ይጠራል። የወርቅ ሠሪ ልጅ መሆኔን አስታውሶ ሥራዬን አደራ አለኝ ብዬ ደስ አለኝ። እኔም ለዚህ ፍቅር አንድ ነገር በእጄ ልሠራ ነው ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐሙስ አባቴ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል ሥራ ክፍሉ ገባሁ። ሎሚ ጨመቅሁ፣ ጨው ጨመርኩበት፣ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ በሳህን አቀረብኩ። የመጀመሪያዋን አወጣሁ። ሳንቲሞቹ ጠይም ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ አንዳንዶቹ ወይን ጠጅ የሚመስል ጥይምና ነበራቸው። ሎሚው ውስጥ ስጨምራት ጥይምናዋ ለቀቀ፤ ውሃው እንደ ሻይ ሆነ። አውጥቼ ብቦርሻት ብልጭ አለች። ቀይ፣ ትኩስ፣ ገና አሁን የተሠራች መሰለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ አልወደደውም። የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ፀጉሩን ተላጭቶ የመጣ ዘመድ ሲያዩ እንደሚሆነው፣ እሱ ነው ግን እሱ አይደለም። ቢሆንም አደራ ነውና ሁለተኛዋን አወጣሁ።

አሥረኛዋ ላይ ስደርስ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ አገኘሁት። መቼ እንደገባ አልሰማሁም። ከታጠቡት አንዷን አነሳ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ረጅም ጊዜ አያት። ካልታጠቡትም አንዷን አንስቶ አያት። አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር ሊል ነው ብዬ እጄን አቆምኩ።

አፉን መልሶ ዘጋው። መሳቢያውን ስቦ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዳልነካ የተከለከልኩትን ለስላሳ ብሩሹን አወጣና ከፊቴ አስቀመጠው።

“በዚህ ይሻልሻል” አለ።

ሞኝነቴን ታያላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባረከኝ ብዬ ነው። አባቴ ልቡ ራራልን ብዬ ነው። “ጠሩ አባዬ?” አልኩት።

“ጠርተዋል” አለ። ሲወጣ ግን ፊቴን አላየኝም። ሁልጊዜ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ “መብራቱን አጥፊ” የሚል ሰው፣ ያን ቀን ምንም ሳይል ወጣ። አርባ አንዱንም አጥቤ ስጨርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። የሳህኑን ውሃ ደጅ ደፋሁት።

ዓርብ አክስቴ መጋረጃ ልትለውጥ መጣች። ወንበር ላይ ቆማ በአፏ መርፌ ቁልፍ ነክሳ፣ “እሑድ ምን ልትለብሺ ነው?” አለችኝ።

“እሑድ ደግሞ ምን አለ?”

“እንዴ፣ አባትሽ እኮ ትናንት አመሻሽ ላይ ለነጋዴው ደውሎ ‘እሑድ ኑ’ ብሏቸዋል። አልነገረሽም?”

ትናንት ሐሙስ ነው። ሐሙስ አመሻሽ እኔ ሳህኑን እያጠብኩ ነበር። ገና ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ገና ማንም ምንም ሳይል፣ ቃሉን የማያጥፈው አባቴ እንዴት እርግጠኛ ሆነ? ምናልባት ለጥንቃቄ ይሆናል አልኩ። አክስቴ መርፌ ቁልፉን ከአፏ አውጥታ “አንቺ ልጅ ፊትሽ ገርጥቷል” አለችኝ። መጋረጃውን ያዝኩላት። እጄ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፣ ስንት ጊዜ ብታጠብም አልለቅ አለኝ።

* * *

ትርዒቱ የሚካሄደው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ነው። ረጃጅም መስኮቶች፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ የወለል ሰም ሽታ። አባቴ ከፊት ጥግ ላይ ሚዛኑን ይዞ ተቀምጧል። በሩ ላይ ካርቶኔን ተቀብለው ክዳኑ ላይ አርባ ሦስት የሚል ቁጥር ለጠፉበትና ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት። ክዳኑን አልከፈቱትም። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ገና አልመጣም።

አንድ ድምፁ የሻከረ ሰውዬ ተነስቶ፣ “ቁጥር አንድ” አለ። አንዱ “አቤት” ብሎ ተነሳ፣ ወደ ገምጋሚዎቹ ሄዶ ሣጥኑን ከፈተ። “ቁጥር ሁለት” አለ። ዝም። “ቁጥር ሁለት።” ዝም። ሦስተኛም ጊዜ ዝም ሲባል ሣጥኑን ወደ ጎን ገፉት።

አጠገቤ ለተቀመጡት አሮጊት፣ “እማማ፣ ምንድን ነው የሚሆነው?” አልኳቸው።

“እየተጠራ ነዋ ልጄ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አቤት ያላለ ይታለፋል። አቤት ያልተባለለት ሣጥን እንዳልተጠራ ነው፣ አይታይም፤ ሕጉ ነው።”

እየተጠራ። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እጄን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወረቀቷን አወጣሁ። “መንገዱን ግን አላምነውም። ሳንቲሞቹ ቅዳሜ እንዲጠሩ አደራ።” አሁን በሌላ አፍ አነበብኩት፣ ጠበቅ አድርጌ። ካረፈድኩ ቁጥሬ ሲጠራ አቤት በይልኝ ማለቱ ነበር። ይኸው ነው። አጥቢልኝ አላለኝም። ማንም አጥቢ አላለኝም።

ቢሆንም ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ታጠቡ እንጂ አልጠፉም፣ ንጹሕ ነገር ማንን ይጎዳል? አንገቴን አስግጌ የተከፈቱትን ሣጥኖች አየሁ። ሁሉም ጠይም ናቸው። ብሩም ነሐሱም ጠይም ነው። አንዲትም የምታበራ የለችም። ቁጥር ሠላሳ ስድስት ላይ አንድ ሰውዬ የሚያብረቀርቅ ብር አቀረበ። ዋናው ገምጋሚ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያረፈ ሽማግሌ፣ በጠርዙ አንስተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት።

“ታጥቧል” አሉ። ሣጥኑ ተዘጋ።

ያኔ አባቴን አየሁት። እሱም እኔን እያየኝ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አለ። ብሩሹ ትዝ አለኝ። የተከፈተው አፍ፣ መልሶ የተዘጋው አፍ ትዝ አለኝ። ስልኩም እንዲሁ።

ሁለት ወር ሙሉ እንዲመጣ የለመንኩት ሰው እንዳይመጣ ለመንኩ። ድልድዩ ያዘግይልኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ያደረገች ሴት አፍቃሪ ናት ወይ፣ እናንተ ፍረዱ።

“ቁጥር አርባ ሦስት።”

ዝም አልኩ።

“ቁጥር አርባ ሦስት።”

አቤት ብል ካርቶኑ ይከፈታል። ዝም ብል ታልፎ እሑድ ይመጣል። አሮጊቷ በክርናቸው ነካ አድርገውኝ “ያንቺ አይደል እንዴ?” አሉኝ።

“ለመጨረሻ ጊዜ፣ ቁጥር አርባ ሦስት።”

“አቤት” አለ ድምፅ ከበሩ።

ትከሻው ላይ አቧራ፣ ደረቱ ላይ የትኬት ቦርሳው። ሮጦ ነው የመጣው። በአዳራሹ መሀል ሲያልፍ አየኝና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ዛሬም ሳስባት ያመኛል፣ ምክንያቱም ጉንጩ ገብቶ ነበር።

ካርቶኑን በሁለት እጁ ከፈተ። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን አርባ አንዱም ላይ አርፎ በአንድ ጊዜ ብልጭ አለ። እኔ የማየው ጀርባውን ብቻ ነበር። ጀርባው ግን የሆነውን ሁሉ ነገረኝ፤ ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ።

ሽማግሌው ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከፖስታዎቹ አንዷን አወጡ፣ አነበቡ። ሌላም አነበቡ። ሦስተኛዋን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

“አርባ አንዱም ሞልቷል። ስንት ዓመት ፈጀብህ?”

“ዘጠኝ።”

“በምን ገንዘብ?”

“በምሳዬ።”

“ማን አጠባቸው?”

ዞረ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ስድብ ጠበቅሁ፤ ስድብ ይሻለኝ ነበር። ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ።

“እኔ ነኝ” አለ።

“አንተ? ዘጠኝ ዓመት ሰብስበህ ይህን አታውቅም?”

“አላወቅሁም ነበር።”

በጠርዝ በጠርዛቸው ያለኝ ሰው። ጣት ላብ አለው ያለኝ ሰው። በእውቀቱ ብቻ የሚኮራ፣ ሌላ የሚኮራበት የሌለው ሰው በሰው ሁሉ ፊት አላወቅሁም አለ።

ሽማግሌው ክዳኑን ቀስ አድርገው ገጠሙት። “ዕድሜያቸውን ነው ያጠብከው” አሉ። “በስንት ዓመት የለበሱትን። የታጠበ ሳንቲም መልሶ አይጠይምም፤ እኔም አንተም አንደርስበትም። ያሳዝናል። ይህ ሥራ ነበር።”

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። “እሱ አይደለም” የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የእኔው ነበር። “ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ብሩሹን ያቀበለኝ አባቴ ነው።”

አባቴ ከተቀመጠበት፣ “ልጄ፣ ተቀመጪ” አለ።

“አባዬ፣ አውቀህ ነበር?”

አባቴ አይዋሽም። ማጉያውን ከዓይኑ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። “አውቄ ነበር።”

“አፍህን ከፍተህ ነበር እኮ። አይቼሃለሁ።”

“ከፍቼ ነበር።” ድምፁ ከወትሮው ቀጠነብኝ። “እናትሽን በባዶ ኪስ ነው ያገባኋት። ሐኪም ቤት ደጅ ላይ እንዴት እንደቀረችብኝ አንቺ ሕፃን ስለነበርሽ አታስታውሺም። ምሳውን ለሳንቲም የሚሰጥ ሰው ለሐኪም ምን ይሰጣል? አንቺ ላይ አልደግመውም።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቴ በሰው ፊት ሲናገር ሰማሁት። አዘንኩለት። ተናደድኩበት።

“ሽማግሌው ግን ተናግረዋል” አልኩት። “‘ይህ ሥራ’ ብለዋል። ቃልህ ቃል ነው።”

“‘ነበር’ ነው ያሉት” አለ አባቴ። “እኔ ‘ነው’ ያለ እንደሆነ ነው ያልኩት። እሑድ ሰዎቹ ይመጣሉ።”

ትኬት ቆራጩ ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ወጣ። የረገጠው ወለል ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።

* * *

ደረጃው ሥር ደረስኩበት። የመጣበት አውቶቡስ ከመንገዱ ማዶ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ድልድዩ ሳይዘጋ መመለስ ስላለበት የተፈቀደለት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው።

“ለምን?” አለኝ።

ወረቀቷን ሰጠሁት። የገዛ እጁን ጽሑፍ አነበበ፣ ምንም አልገባውም። ጣቴን ቃሉ ላይ አሳረፍኩለት። “እኛ ቤት ይህ ላላ ተደርጎ ነው የሚነበበው። ብር ይጠራል። ወርቅ ይጠራል።”

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እንደ ተማሪ ሁለቴ አነበበው፤ አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ። ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

“ዘጠኝ ዓመት” አለ።

“አውቃለሁ።”

“አታውቂም። ተናድጄብሻለሁ፤ አልዋሽሽም። እዚያ ውስጥ ‘እኔ ነኝ’ ያልኩት ስላልተናደድኩ አይደለም። አሁን ብዙ ካወራን ክፉ እናገርሻለሁ።”

“ተናገረኝ።”

“አልናገርሽም።”

ቦርሳዬን ከፈትኩ። የተወለድኩበትን ዓመት አወጣሁ። ጠይም ናት፤ በቦርሳዬ ጨርቅና በጣቴ እየተሻሸች ከተሰጠችኝ ጊዜ ይልቅ ጠይማለች። “ይቺ አልታጠበችም” አልኩት። “ውሰዳትና ከእሷ ጀምር። ምሳህን እኔ እከፍላለሁ።”

በጠርዟ ይዤ ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ፤ ግን በጠርዟ አልያዛትም። መዳፉ ውስጥ ጨምሮ ጣቶቹን እላይዋ ላይ ጨበጠባት፣ ላቡ፣ አቧራው፣ ሁሉም እንዳለ።

“ትበላሻለች” አልኩት።

“ይቺ ብቻዋን ናት፤ ተርታ የላትም” አለ።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ትኬት ቆራጩ ተነሳ፣ ከቦርሳው ባዶ ፖስታ አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በእርሳስ ጻፈባት። እጄ ላይ አስቀመጣትና መንገዱን ተሻገረ። ካርቶኑን ይዞ ሄደ። አውቶቡሱ ሲነሳ በኋላ መስኮት ዞሮ ያየኛል ብዬ ነበር። አልዞረም። ወይም ዞሮ ከሆነ አቧራው ጋርዶት ይሆናል።

ፖስታዋ ላይ ዓመት አልነበረም። ከማን እጅ እንደመጣችም አልጻፈም።

“ጠብቂኝ። ይቺን እንደፈለግሽ ብታነቢያት ያው ናት።”

እኔ ግን ፈርቼ ሦስት ጊዜ አነበብኳት፤ አንዴ አጥብቄ፣ አንዴ አላልቼ፣ አንዴ እንዲሁ በዓይኔ ብቻ። ነገ እሑድ ነው። ድልድዩ ታሟል። የተናደደ ሰው የጻፈውን፣ ንዴቱ ሲበርድለት ይጸናበታል ወይስ ይተወዋል፣ በምን አውቃለሁ።

ከደረጃው ላይ አባቴ ጠራኝ፣ በሕፃንነቴ በሚጠራኝ ስም። በሕይወቴ አባቴ ጠርቶኝ አቤት ሳልል የቀረሁበት ቀን የለም፤ እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳ አቤት እላለሁ። ምላሴ ተነሳ፣ ያዝኩት።

ሁለተኛ ጠራኝ። ድምፁ ያረጀ መሰለኝ፣ አንጀቴን በላው።

ፖስታዋን ጨበጥኳትና ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ጠራኝ። አቤት አላልኩም።